የመጀመሪያዎቹ የሜክሲኮ አገረ ገዥዎች፦ ማን ሾማቸው፣ ማን ሻራቸው?

ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፦ «ሜክሲኮ ከስፔን ነፃ ከወጣች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የየግዛቱ አገረ ገዥዎች በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ ነበሩ ወይስ በጠመንጃ ጉልበት ራሳቸውን ያነገሡ ጦረኞች? ጄኔራል ሳንታ አና በ1835 የሳካቴካስን ግዛት የወጋውስ ለምንድን ነው?»

አጭሩ መልስ «ሁለቱም አይደሉም» የሚል ነው። ከ1824 እስከ 1835 በቆየው የመጀመሪያው ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ አገረ ገዥውን በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ፕሬዚዳንቱ የመሾምም ሆነ የመሻር ሕጋዊ ሥልጣን አልነበረውም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፕሬዚዳንቱን ራሱን የሚመርጡት የግዛቶቹ ምክር ቤቶች ነበሩ። ረጅሙ መልስ ግን ጥቂት መዞር ይጠይቃል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ «አገረ ገዥ» ሲባል የሹመት ደብዳቤ ከማዕከል ተጽፎለት፣ ያልተወለደበትን አገር ሊያስተዳድር የሚወርድ ባለሥልጣን ይታየናል። ጆሯችን የለመደው የዘውዱን ዘመን ጠቅላይ ግዛት ነውና አይፈረድብንም። በቅኝ ግዛቱ ማብቂያ ላይ ስፔን በየአካባቢው ያስቀመጠቻቸው ኢንቴንዴንቴዎች እንደዚያ ያሉ ሹሞች ነበሩ፤ የ1812ቱ የስፔን ሕገ መንግሥት (የካዲስ ሕገ መንግሥት ይባላል) የፈጠረው «ኼፌ ፖሊቲኮ»ም እንዲሁ። የ1824ቱ «ጎበርናዶር» ግን ከእነርሱ ዘር አይደለም።

ከካዲስ ሕገ መንግሥት ለሜክሲኮ የተረፋት ትልቁ ነገር ሹሙ ሳይሆን ከሹሙ ጎን የተቀመጠው ትንሽ ጉባኤ ነው። «ዲፑታሲዮን ፕሮቪንሲያል» ይሉታል። ሰባት ተመራጮች ነበሩት፤ ሥራው የግብር ድልድልን፣ መንገድንና ትምህርት ቤትን መከታተል ነበር፤ ለታሪክ የሚበቃ አይመስልም። አጉስቲን ዴ ኢቱርቢዴ በጁላይ 1822 ዘውድ ጭኖ በኦክቶበር የአገሪቱን ጉባኤ ሲበትን ግን እነዚህ ሰባት ሰባት ሰዎች በክፍለ አገር ደረጃ የቀሩት ብቸኛ ተመራጮች ሆኑ። በፌብሩዋሪ 1823 በቬራክሩዝ አጠገብ ያመፁት የጦር መኮንኖች «የካሳ ማታ እቅድ» በተባለው ሰነዳቸው የቬራክሩዝን አስተዳደር ለዚያው ለክፍለ አገሩ ጉባኤ የሚተው አንቀጽ አስገቡ። መኮንኖቹ ያሰቡት ለጊዜው ድጋፍ ማግኘት ነበር። ሌሎቹ ክፍላተ አገር ግን አንቀጹን ለራሳቸው አድርገው አነበቡት፤ እቅዱን በተቀበሉ ቁጥር አስተዳደሩንም በእጃቸው አስገቡ። ኢቱርቢዴ በማርች ዘውዱን ሲያወርድ ከሜክሲኮ ከተማ ውጭ የሚያዝበት አገር አልቀረውም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሰው ሉዊስ ኪንታናር ነው። ጓዳላኻራን እንዲያስተዳድር የላከው ንጉሠ ነገሥቱ ኢቱርቢዴ ነበር። ጌታው ከወደቀ በኋላ፣ በጁን 1823 የጓዳላኻራ ጉባኤ ክፍለ አገሩን «ነፃ የኻሊስኮ ግዛት» ብሎ ሲያውጅ፣ በገዥነት የተቀመጠው ይኸው ኪንታናር ሆነ። በንጉሥ ሹመት የመጣ ሰው በአዋጅ ማግስት የነፃ ግዛት ገዥ ሆኖ አደረ። የማዕከሉ መንግሥት አላመነውም፤ የቀድሞው ንጉሥ እስኪመለስ ወንበር ጠባቂ ነው ብሎ ጠረጠረው። በ1824 ጄኔራል ኒኮላስ ብራቮ ጦር ይዞ ጓዳላኻራ ገባ፤ ኪንታናርንና ባልደረባውን አናስታሲዮ ቡስታማንቴን አሰረ። ሰዎቹ ታሰሩ፤ ኻሊስኮ ግን ግዛትነቷን አልተነጠቀችም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አሥራ ዘጠኝ ግዛቶችን በስማቸው ዘርዝሮ አቋቋመ፤ ኻሊስኮም ከመካከላቸው ነበረች።

በሕገ መንግሥታዊ መንገድ የተመረጠው የመጀመሪያው የኻሊስኮ ገዥ ፕሪሲሊያኖ ሳንቼዝ ነው፤ የጠያቂዬን «ጦረኛ» ሐሳብ የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ሕግ የተማረ፣ ከዚያ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነበር። ዝነኛ ያደረገው በ1823 የጻፈው «የአናዋክ ፌዴራላዊ ቃል ኪዳን» የተባለ ትንሽ ጽሑፍ ነው። በጃንዋሪ 1825 ሥልጣን ያዘ፤ የድሮውን ዩኒቨርሲቲ ዘግቶ በምትኩ የሳይንስ ተቋም ከፈተ። ግዛቱ የቤተ ክርስቲያንን ወጪ ራሱ እየወሰነ ይከፍላል በሚለው የኻሊስኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 7 ምክንያትም ከካህናቱ ጋር ብርቱ ክርክር ውስጥ ገባ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1826 ዲሴምበር መጨረሻ፣ ጣቱ ላይ የወጣ ቁስል ተመርዞ ሞተ። ጎራዴ ሳይመዝ፣ ፈረሰኛ ሳያዝ።

አገረ ገዥው በእርግጥ ምን ያህል ያዝ ነበር? ያን ያህል አያዝም። የግዛቶቹን ሕገ መንግሥታት የጻፉት ሰዎች በቅርብ ያዩት ክፉ ነገር ጉባኤ የሚበትን ንጉሥ ነበርና፣ ሥራ አስፈጻሚውን እጁን አስረው ነው ያስቀመጡት። ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ፣ በጀት የሚፈቅደው ምክር ቤቱ፣ ገዥውን መርጦ የሚያስቀምጠውም የሚከስሰውም ምክር ቤቱ ነበር። የሥልጣን ዘመኑ የተወሰነ እንዲሆን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ያስገድዳል። በግዛቱ ውስጥ ያለው የፌዴራል ጦር ደግሞ ከነጭራሹ በእጁ አልነበረም። ጦሩ «ኮማንዳንቴ ኼኔራል» የሚባል የራሱ አዛዥ አለው፤ አዛዡ የሚታዘዘው ሜክሲኮ ከተማ ላለው የጦር ሚኒስቴር ነው። በአንድ ከተማ ሁለት አለቃ ማለት ነው፤ አንዱ በድምፅ የተመረጠ፣ አንዱ በትእዛዝ የተላከ። የዘመኑ ጠብ ግማሹ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ምክር ቤቱ፣ ገዥውና የጦር አዛዡ፣ እነዚህ ሦስት ኃይሎች በተግባር እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ከፓዲያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ፓዲያ በአዲሱ የታማውሊፓስ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የግዛቱ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። በጁላይ 1824 ከስደት የተመለሰው ኢቱርቢዴ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ በሶቶ ላ ማሪና ወረደ። እግሩ የሜክሲኮን መሬት ከረገጠ ከሕግ ጥበቃ ውጭ እንደሚሆን የአገሪቱ ጉባኤ በአፕሪል መወሰኑን አልሰማም። ያሰረው ወታደራዊ አዛዡ ፌሊፔ ዴ ላ ጋርዛ ነው። አዛዡ ግን ልቡ ሁለት ሆነበት፤ እስረኛውን ወደ ፓዲያ ሲወስድ በመንገድ ላይ የአጃቢውን ጦር አዛዥነት ለራሱ ለእስረኛው እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። ፓዲያ ሲደርሱ ነገሩ ከወታደር እጅ ወጣ። ከጥቂት ወራት በፊት ስሙ የማይታወቅ የግዛት ምክር ቤት፣ ጥቂት አባላቱ ተሰብስበው፣ የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ይገደል ብለው ወሰኑ። ጁላይ 19 ቀን ወደ ማታ ተረሸነ። ንጉሥ የነበረን ሰው ለማስገደል ከዋና ከተማ ማረጋገጫ ያልጠበቀ ምክር ቤት፣ የራሱን አገረ ገዥ ምን ያህል እንደሚፈራ ጠያቂዬ ይገምቱት።

ጦረኛ ገዥ በጭራሽ አልነበረም ብዬ ግን አልዋሽም። ዩካታንና ቬራክሩዝ ነበሩ፤ በሁለቱም ቦታ የምናገኘው ያንኑ አንቶኒዮ ሎፔዝ ዴ ሳንታ አናን ነው። በ1824 ወደ ዩካታን በጦር አዛዥነት ተላከ፤ ብዙም ሳይቆይ በተጨማሪ አገረ ገዥ ሆነ። በቬራክሩዝ ደግሞ ምክትል ገዥ ሳለ፣ ዋናው ገዥ ሚጌል ባራጋን በ1827 መጨረሻ በተነሣ አመፅ ውስጥ ገብቶ ሲያዝ ወንበሩ ለእሱ ቀረ። በሴፕቴምበር 1828 የቬራክሩዝ ምክር ቤት ሳንታ አናን ከሥራው አገደው። ጠያቂዬ «በጠመንጃ ራሱን ያነገሠ» የሚሉት ሰው እንኳ በምክር ቤት ውሳኔ ይታገድ ነበር ማለት ነው! በእርግጥ ሳንታ አና ውሳኔውን ሰምቶ ቤቱ አልተቀመጠም። ወታደሮቹን ይዞ የፔሮቴን ምሽግ ያዘ፤ በቅርቡ የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ይሰረዝ ብሎም አመፀ።

ያ ምርጫ ስለ አገረ ገዥዎች ያለውን ጥያቄ ከሥር ከመሠረቱ ያብራራል። እያንዳንዱ የግዛት ምክር ቤት የሁለት ሰዎች ስም ይልካል፤ ብዙ ምክር ቤቶች የመረጡት ፕሬዚዳንት ይሆናል። በ1828 ማኑዌል ጎሜዝ ፔድራሳ አሥራ አንድ፣ ቪሴንቴ ጌሬሮ ዘጠኝ ምክር ቤቶች አገኙ። የአገሪቱ መሪነት በሁለት ምክር ቤቶች ልዩነት ተወሰነ። እንግዲህ በአንዲት ሩቅ የግዛት ከተማ ማን ምክር ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ለምን ደም እስከ ማፍሰስ እንዳደረሰ ግልጽ ነው። በ1830 ሥልጣን የያዘው የቡስታማንቴ መንግሥትም መጀመሪያ ያደረገው ነገር የማይወዳቸውን የግዛት ምክር ቤቶችና ገዥዎች ማስነሣት ነበር።

ጌሬሮን ከደገፉት አንዱ የሜክሲኮ ግዛት ገዥ ሎሬንዞ ዴ ሳቫላ ነው። (ግዛቱና አገሪቱ አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ።) ዩካታን ተወልዶ፣ በስፔኖች ሦስት ዓመት በሳን ኹዋን ዴ ኡሉዋ ምሽግ ታስሮ፣ በእስር ቤት እንግሊዝኛና ሕክምና ያጠና ሰው ነው። በማርች 1827 ሲመረጥ የተረከበው ግዛት ዋና ከተማውን የተነጠቀ ነበር። የፌዴራሉ ጉባኤ በ1824 መጨረሻ ሜክሲኮ ከተማን ለይቶ የፌዴራል ወረዳ ሲያደርጋት፣ ግዛቱ ትልቁን የገቢ ምንጩን አጣ። መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ መጀመሪያ ቴስኮኮ፣ ከዚያ በዛሬው አጠራር ትላልፓን፣ በ1830 ደግሞ ቶሉካ ሄደ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ሳቫላ በትላልፓን ሳለ ግዛቱ የራሱን የብር መቅረጫ ከፈተ። ከ1828 እስከ 1830 ብቻ የሠራ ቤት ነው። የተቀረጸው ፔሶ በአንድ ፊቱ ንስሩ እባቡን እንደያዘ ይታያል፤ በሌላው ፊት ከጠርዙ አጠገብ የግዛቱ ስም በአህጽሮት ሰፍሯል። ሳንቲም ሰብሳቢዎች ዛሬ በጣም የሚፈልጉት ነው። ለእኔ ግን ቤት አልባ የሆነ ግዛት «አለሁ» ብሎ ያተመው ማኅተም ይመስለኛል።

ሳቫላ ከሳንታ አና ጋር ተባብረሃል ተብሎ በ1828 ሲከሰስ ግን ያ ሁሉ ማኅተም አላዳነውም። የሚከላከልለት ጦር የለውም፤ ወደ ተራራ ሸሸ። ወደ ወንበሩ የተመለሰው በኖቬምበር መጨረሻ በሜክሲኮ ከተማ የተነሣው የአኮርዳዳ አመፅ በዲሴምበር ሲያሸንፍ ነው፤ የፓሪያን ገበያ የተዘረፈውም በዚያው ሰሞን ነው። ጎሜዝ ፔድራሳ ሸሸ፤ ጌሬሮ ፕሬዚዳንት ሆነ።

አሁን ወደ ሳካቴካስ እንምጣ፤ የጥያቄው እምብርት እዚያ ነው። ሳካቴካስ የብር አገር ናት። ከ1829 ጀምሮ የገዛት ፍራንሲስኮ ጋርሲያ ሳሊናስ ይባላል፤ ሕዝቡ «ታታ ፓቺቶ» ይለው ነበር፤ «አባባ ፓቺቶ» እንደ ማለት ነው። እሱም ወታደር አልነበረም፤ የሒሳብና የማዕድን ሰው ነው። በፍሬስኒዮ የነበሩትን የፕሮአኞ የብር ማዕድኖች በግዛቱ መንግሥት እጅ አስገብቶ ወደ ትርፍ መለሳቸው። መሬት ገዝቶ ለድሆች የሚያከራይ ባንክ ለማቋቋምም ሞክሮ ነበር፤ ገንዘቡ በከፊል ከቤተ ክርስቲያን ሀብት ይምጣ በማለቱ ነገሩ ተንኮታኮተ።

ከብሩ ትርፍ ሚሊሻ አስታጠቀ። ይህ ሕገ ወጥ አልነበረም። «ሚሊሲያ ሲቪካ» የግዛቶች መብት ነበር፤ አገረ ገዥው በእርግጥ ሊያዝዘው የሚችለው ብቸኛ የታጠቀ ኃይልም ይኸው ነው። ብዙዎቹ ግዛቶች ሚሊሻቸውን በወረቀት ነበር የያዙት። የሳካቴካሱ ግን ጠመንጃና መድፍ ነበረው። ጥንካሬው ግን አይጋነን፤ በሴፕቴምበር 1832 በኤል ጋዪኔሮ ሜዳ የቡስታማንቴን የሠለጠነ ጦር ገጥሞ ክፉኛ ተመትቷል። ያኔ ሳካቴካስ የተዋጋችው ከማን ጎን ሆና እንደነበር ልብ ይበሉ፤ በቡስታማንቴ ላይ ካመፀው ከሳንታ አና ጎን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አሁን ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንታ አና ጎራ ለወጠ። በ1834 የምክትል ፕሬዚዳንቱን የጎሜዝ ፋሪያስን ማሻሻያዎች አስቁሞ ጉባኤውን ዘጋ፤ አዲስ የተመረጠው ጉባኤ ደግሞ ፌዴራሊዝሙን ራሱን ለማፍረስ ተዘጋጅቶ መጣ። የመጀመሪያው ምት ያረፈው በሕገ መንግሥቱ ላይ ሳይሆን በሚሊሻው ላይ ነው። በማርች 31 ቀን 1835 የወጣው ሕግ ለ500 ነዋሪ አንድ ሚሊሻ ብቻ ይኑር፤ የቀረው ትጥቁን ያስረክብ አለ። ሳካቴካስ እምቢ አለች። በወቅቱ ጋርሲያ ሳሊናስ የገዥነት ዘመኑን ጨርሶ ወንበሩን ለማኑዌል ጎንዛሌዝ ኮሲዮ አስረክቧል፤ የሚሊሻው አዛዥ ግን እሱ ነበር። እንግዲህ የማዕድንና የሒሳብ ሰው ጦር ሊመራ ወጣ።

ውጊያው ሜይ 11 ንጋት ላይ ከከተማዋ አጠገብ ጓዳሉፔ በተባለች ቦታ ሆነ፤ በሰዓታት ውስጥ አለቀ። ከ2,000 በላይ ሰው ተማረከ። አሸናፊው ጦር ከተማዋን ዘረፈ፤ የውጭ አገር ሰዎች ቤትም አልተረፈም። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ቅጣት ከዘረፋው የባሰ ነው፤ በዚያው ወር የአጉዋስካሊየንቴስ አውራጃ ከሳካቴካስ ተቆርጦ ለብቻው እንዲቆም ተደረገ። ስለ ቁርጠቱ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ፤ አንዲት ወይዘሮ ለሳንታ አና በሰጠችው መሳም ነው አጉዋስካሊየንቴስ ነፃነቷን ያገኘችው ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ሐቁ ግን የአውራጃዋ ሹማምንት ከሳካቴካስ ለመለየት ከቆየ ፍላጎት ተነሥተው ጥያቄ ማቅረባቸው ነው። የፍሬስኒዮ ማዕድኖችም ከግዛቱ እጅ ወጥተው ለግል ኩባንያ ተከራዩ።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ሳንታ አና ሳካቴካስን የወጋው አገረ ገዥዋ ጦረኛ ስለነበረ አይደለም። ምክር ቤት፣ ማዕድንና ሚሊሻ ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘች ብቸኛ ግዛት ስለነበረች ነው። እሷ ከወደቀች ሌላው በደብዳቤ ይገዛል። በወቅቱ ሜክሲኮ ከተማ በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት ተቀምጦ የነበረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሚጌል ባራጋን፤ ያ በቬራክሩዝ አምፆ የተያዘው የቀድሞ አገረ ገዥ።

በ1836 መጨረሻ የወጡት «ሰባቱ ሕጎች» ግዛቶቹን «ዴፓርታሜንቶ» አደረጓቸው፤ ምክር ቤቶቹ ቀርተው በየቦታው የሰባት ሰው ጉባኤ ተተካ። ጉባኤው ሦስት ስም ያቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ ለስምንት ዓመት ገዥ ይሾማል። ማለትም ጠያቂዬ የገመቱት «በፕሬዚዳንቱ የሚሾም» አገረ ገዥ የመጣው አሁን ነው። የመጣውም በደም ነው። ለሩቂቱ ኒው ሜክሲኮ ከማዕከል የተላከው ኮሎኔል አልቢኖ ፔሬዝ ከአገሬው ሰው ጋር መስማማት አልቻለም፤ አዲስ ግብር ይመጣል የሚለው ወሬ ተጨምሮበት በኦገስት 1837 በአመፀኞች ተገደለ፤ ራሱም ተቆረጠ። አመፀኞቹ ሆሴ ጎንዛሌዝ የሚባል ከመካከላቸው የሆነ ሰው ገዥ አደረጉ፤ እሱም በወራት ውስጥ ማኑዌል አርሚኾ አመፁን ሲደመስስ ተረሸነ። በካሊፎርኒያ ኹዋን ባውቲስታ አልቫራዶ በ1836 በወንበሩ የነበረውን ገዥ አባርሮ ራሱ ተቀመጠ፤ ማዕከሉም ሊያስነሣው ስላልቻለ ቆይቶ ሹመቱን አጸደቀለት። ቴክሳስ ደግሞ ከነአካቴው ሄደች። የነፃነት አዋጇን በማርች 1836 ከፈረሙት መካከል የሜክሲኮ ግዛት የቀድሞ ገዥ ሎሬንዞ ዴ ሳቫላ ይገኝበታል፤ የቴክሳስ ጊዜያዊ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሞተ።

ጠያቂዬ በአእምሯቸው የያዙት ጦረኛ አገረ ገዥ ልብ ወለድ አይደለም፤ ዘመኑ ብቻ ነው የተሳሳተው። ሰሜን ላይ ሳንቲያጎ ቪዳውሪን ይመልከቱ። በ1855 ኑዌቮ ሌዮንን ያዘ፤ በማግስቱ ዓመት ኮዋዊላን ጠቅልሎ ጨመረ፤ የድንበሩን የጉምሩክ ገቢ ወደ ራሱ ካዝና አስገባ፤ የራሱን ጦር ቀለበ። ቤኒቶ ኹዋሬዝ በ1864 ሸሽቶ ሞንቴሬይ ሲመጣ የጉምሩኩን ገንዘብ ለፕሬዚዳንቱ ከመስጠት ይልቅ ከፈረንሳዮቹና ከማክሲሚሊያን ጋር መወገንን መረጠ። በጁላይ 1867 ሜክሲኮ ከተማ ውስጥ ተይዞ ተረሸነ።